ከአበባው የቀደመ ዳቦ

ከሚስቴ መቃብር ላይ በእጄ የተከልኩትን ሬት ነቅለው ሌላ ሬት ተከሉበት። የተበደልኩት ይህ ነው። ገንዘብ አልወሰዱብኝም፣ ቤቴን አላፈረሱብኝም፣ አልመቱኝም። ሬት ነቀሉብኝ። "ለሬት ብለህ ነው?" የሚለኝ ሰው ካለ ማንበቡን እዚሁ ላይ ይተው፤ እሱን ለማሳመን አይደለም የምጽፈው።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ሐረር ውስጥ መቃብር ላይ ሬት ይተከላል። ወጉ ከእስላም ጎረቤቶቻችን ነው የመጣው ይላሉ፤ እኛ ክርስቲያኖቹም ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። ሬት ውሃ ሳይለምን ይኖራል። ፍየል አይበላውም፣ ጅብ አይነካውም። የተተከለው ሬት ያበበ ቀን ደግሞ ሟቹ ገነት ገባ ይባላል። የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው "ልጄ፣ ይህ በመጽሐፍ የለም" ብለውኛል። እሺ፣ በመጽሐፍ የለም። በሰው አፍ ውስጥ ግን አለ፤ ሰው የሚኖረው ደግሞ ከሰው ጋር ነው።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ፈላና በር አጠገብ ጎማ ስጠግን ነው። ጎሚስታ የማያምን ሰው ነው። ባለመኪናው "ሚስማር ነው የወጋው፣ እዚህ ጋ ነው" ይለኛል። እኔ የውስጡን ጎማ ነፍቼ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ሳላይ አልሰማውም። ሰውንም የምሰማው እንደዚያው ነው።

ሚስቴ ሬት ወዳድ ነበረች። ግቢያችን ውስጥ አፉ በተሸረፈ የሸክላ ድስት ታበቅለው ነበር። ትንሹ ዓይነት ነው፤ ቁመቱ ከስንዝር ብዙም አያልፍም፣ ቅጠሉ ወፍራምና ልሙጥ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። ጎማ ሳጣብቅ እጄን ባቃጠልኩ ቁጥር አንድ ቅጠል ትቆርጥና ቢጫውን ፈሳሽ አንጠፍጥፋ ውስጡን ቁስሌ ላይ ታስርልኛለች። "መራራ ለመራራ፣ ትግባባላችሁ" ትለኛለች።

ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ። ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ጣቴን ይዛ። ታላቅ እህቷ ይህን የሰማች ቀን "ለጎሚስታ ፊደል ምን ያደርግለታል?" ብላ ሳቀች። ይህችን እህቷን እወቋት፤ ነገሩ የእሷና የእኔ ነውና። ወላጆቻቸው በከተማው ከቆዩት ክርስቲያኖች ወገን ናቸው፤ ቅድመ አያታቸው ከማን ጋር እንደመጣ፣ የትኛውን መሬት እንደተመራ ሲቆጥሩ ይመሻል። ታናሽ እህቷ ለጎሚስታ በመዳሯ ልቧ አንድ ቀን አልቀናም። ፊት ለፊት "እትዬ" እና "እርስዎ" እላት ነበር። እዚህ ግን "እሷ" እያልኩ የምጽፈው ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይመጣል።

ሚስቴ ሞተች። በሽታዋን አልጽፍም። አርባዋ ካለፈ በኋላ ከድስቱ ሬት ጎን ከበቀሉት ልጆች አንዱን ነቀልኩ። ግድግዳ የሚጋሩን አንድ የሐረሪ አሮጊት አሉ፣ "እማማ" ነው የምንላቸው። ከደጃቸው ሆነው አዩኝ።

"አሁን እንዳትተክለው! ቁስሉ ይድረቅ።"

"የምን ቁስል እማማ?"

"የነቀልክበት ነዋ! ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። እርጥቡን ከቀበርከው ይበሰብሳል። አንተ ጎማ ስትለጥፍ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ነው እንዴ የምትለጥፈው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያ! ወላሂ ወንድ ልጅ ከራሱ ሥራ እንኳ አይማርም።"

አፈርም እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። አፈር አይባልም፤ አሮጌ ግድግዳቸው ሲታደስ የወደቀውን የኖራና የድንጋይ ፍርፋሪ በጆንያ አሸከሙኝ። "ጥቁር አፈር እንዳታስጠጋው፣ ውሃ ይዞ ሥሩን ይገድለዋል። ሬት የሚሞተው በፍቅር ነው" አሉኝ። "ውሃስ?" ብላቸው "ረብቢ ዝናብ ያወርድለታል። አንተ ካላስቻለህ አልፎ አልፎ በስኒ" አሉ።

ከመትከሌ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። በሚስማር ጫፍ በታችኛው ቅጠል ጀርባ ላይ የሚስቴን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጫርኩ። ሬት የተጫረበትን አይረሳም፤ ጭረቱ ጠባሳ ሆኖ ከቅጠሉ ጋር ያድጋል። ያን ጊዜ ሌባ ይመጣል ብዬ አይደለም። ጽፌ ላሳያት የምችለው ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ከራስጌዋ ተከልኩት።

በመጀመሪያው ዓመት አላበበም። በሁለተኛውም አላበበም። ግን ደህና ነበር። በበጋ ጠርዙ ይቀላል፣ ቅጠሉን ሰብስቦ እንደ ቡጢ ይጨብጣል። ክረምት ሲገባ ይከፈትና አረንጓዴነቱ ይመለሳል። እየሄድኩ አረሙን እነቅልለታለሁ፣ በጎኑ የሚጎርፈውን ውሃ በድንጋይ እመልስለታለሁ፣ ያን ቅጠል ገልበጥ አድርጌ አይና እመልሰዋለሁ። ፊደሉ እያደር እየሰፋ ነበር።

ነገር የመጣው ከጎረቤት መቃብር ነው። የአንድ ባለሱቅ ሚስት ከእኔዋ በኋላ ሞታ ከጎኗ ተቀበረች፤ የእሷ ሬት በዓመቱ አበበ። ቀይ፣ እንደ ችቦ። ባለሱቁ ፈረስ መጋላ ላይ ለሻይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ "የእኔይቱ ገባች! በዓመቷ!" እያለ አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲወጡ ሁለቱን መቃብር እያስተያዩ ያልፋሉ። አንድ ቀን አንዷ ለሌላዋ "ይቺ ደግሞ ምን ሠርታ ይሆን?" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

"ወረፋ ላይ ናት" አልኳቸው። "እናንተም ስትሄዱ ከኋላዋ ትቆማላችሁ።"

የሚስቴ እህት አጠገባቸው ነበረች። አልሳቀችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከመቃብሩ በኩል እልልታ ሰማሁ። ስደርስ ሴቶቹ የሚስቴን መቃብር ከበዋል። እህቷ መሐል ቆማ እንባዋ ይወርዳል።

"አበበ! አበበልን! ገባች እህቴ! ገባች!"

እውነትም ከሬቱ መሐል ቀጥ ያለ ዘንግ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ብርቱካን መሳይ አበባ ተንዠርግጓል። እህቷ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ጠራችው። ዘበኛው ከማደሪያው ትልቅ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። እሷም አማተበችና መቁረስ ጀመረች።

ዓይኔ አበባው ላይ አልቆየም። ዳቦው ላይ ቀረ።

"እትዬ፣ አበባውን መቼ አዩት?"

"አሁን! ከቅዳሴ ስወጣ! ዓይኔን ማመን ነው ያቃተኝ!"

"ዳቦውንስ መቼ ጋገሩት?"

እጇ ቆመ። ድፎ ዳቦ እንደ ሻይ አይደለም፣ ሰው ደስ ሲለው ወዲያው አይጣድም። ማታ ይቦካል፣ ሌሊቱን ኩፍ ይላል፣ ጎህ ሲቀድ ይጋገራል። አበባውን አሁን ያየ ሰው ዳቦውን ትናንት አያቦካም።

"ለነፍሷ ነው" አለችኝ። "ለነፍስ ደግሞ ቀን ይቆረጣል? አንተ ሰው፣ ምናለ ዛሬን እንኳ ደስ ቢልህ!"

ጎንበስ አልኩ። የእኔ ሬት ቅጠሉ ልሙጥ ነው፤ ይኸኛው ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት። የእኔ በኖራ ፍርፋሪ ላይ ነው የቆመው፤ የዚህ ሥር ጥቁር አፈር ነው፣ ያውም እርጥብ። የታችኛውን ቅጠል ገለበጥኩ። ምንም የለም። የቀሩትንም አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ምንም።

"ይህ የእኔ ሬት አይደለም" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "የእኔው ፊደል ተጭሮበታል።"

"የታችኛው ቅጠል ይደርቅና ይወድቃል እኮ ጋሼ" አለች አንዷ።

"ነጥቡ ከዝናቡ ነው" አለች ሌላዋ።

"ሲያብብ እኮ መልኩ ይለወጣል።"

ሁሉም ስለ ሬት አዋቂ ሆነ። "ፊደል" ስል አንገቷን የደፋችው እህቷ ብቻ ናት። ዳቦው ታደለ። ለእኔም ሰጡኝ፤ አልበላሁም። በዚያው ሳምንት በከተማው ስም ወጣልኝ፦ ሚስቱን ገነት የነፈጋት ሰውዬ። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሹፌር ሳይቀር "ጋሼ፣ ምናለ ብትገባላቸው?" አለኝ። ጎማውን መልሼ ሰጠሁት።

ነገሩ ቀልድ የመሰለው አለ። ለእኔ ቀልድ አልነበረም። የእኔ ሬት ቢያብብ ለእሷ ነው፤ ከእሷ ድስት የወጣ፣ ስሟ ያለበት ነው። የሌላ ቦታ ሬት ቢያብብ ለማን ነው? እዚያ ስር ያለችው ሚስቴ ናት፤ ተራዋ ሲደርስ በሌላ ሰው ስም ነው እንዴ የምትጠራው? እኔ ምልክቱን ሦስት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ለሰው ላሳይ ብዬ አልነበረም።

ከዘበኛው ጀመርኩ።

"ማነው የነቀለው?"

"ጋሼ፣ ምናልባት ጅብ ነቅሎት ይሆናል።"

"ጅቡ ነቅሎ ሌላ ተከለበት? ጥቁር አፈርም ከገበያ ገዝቶ መጣ?"

"እኔ የምጠብቀው ደወሉንና የምጽዋቱን ሣጥን ነው። ሬት ጠብቅ ብሎ ያዘዘኝ የለም።"

"ዳቦውን ግን ጠብቀሃል።"

የማደሪያውን በር ገፍቶ ገባ። ዳቦ የበላ አፍ ምን ሊናገር!

ወደ ቤቴ ስመለስ እማማ ደጅ ላይ ቆምኩ። ለዓመታት ሳልፍበት የኖርኩት ቦታ ነው፤ ያን ቀን ግን አየሁት። ከበራቸው ጎን በቆርቆሮ የተተከሉ ሬቶች አሉ፤ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለባቸው። አንዱ ቆርቆሮ ባዶ ነው።

"እማማ፣ ከእነዚህ ለሰው ሰጥተዋል?"

"ሰጥቻለሁ። ሬት ለጠየቀ አይከለከልም።"

"ለማን?"

"ሰጥቼ ስም ላወጣ? አስተግፊሩላህ!"

"እምቡጥ ይዞ ነበር?"

"እምቡጥ ያለውን ነው የመረጠችው" አሉና አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። "መረጠችው" ማለታቸውን እሳቸውም ሰሙት። "በቃ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። አንተም ነፍስህን አትብላት።"

እንግዲህ ማን እንደሆነች አወቅኩ። ማወቅና ማስረዳት ግን ለየቅል ነው። አረፋው ይታየኛል፣ ቀዳዳውን በጣቴ መያዝ አልቻልኩም። እህቷን ብጠይቃት ካደች። "ሐዘን አእምሮህን ነክቶታል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። መቃብሩም ጋ መሄድ ተውኩ፤ የሰው ሬት ለማን ብዬ ልኮትኩት? እማማንም ሳይቀር በጎሪጥ አያቸው ነበር። ዳቦ የቆረሱትን ሴቶች ስቆጥር፣ ማን አውቆ ማን ሳያውቅ እልል እንዳለ ስመዝን ዓመቱ ዞረ።

ኅዳር ሚካኤል መጣ። በዚያን ቀን ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ በሽታ ከጢሱ ጋር ይሄዳል ይባላል። የሰፈሩ ልጆች ማቀጣጠያ አሮጌ ጎማ ፍለጋ እኔ ጋ ይመጣሉ። ያን ቀን ግን ስልኬ ጮኸ። እህቷ ናት።

"እንደምን ዋልክ። አንድ አሮጌ ጎማ ላክልኝ። ቆሻሻው እርጥብ ነው፣ እሳት አልያዝ አለኝ።"

ዓመት ሙሉ ያልደወለ ሰው ለጎማ ሲደውል የማይጠረጥር ሰው ካለ የዋህ ነው። አልላክሁም። ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ።

በሩ ክፍት ነው። ወደ ጓሮ ዘለቅኩ። ቆሻሻው ተከምሯል፦ ቅጠል፣ የተቀደደ ጆንያ፣ የተሰበረ ወንበር። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል። ከክምሩ ራቅ ብሎ ካቡ ላይ አንድ ቀለሙ የለቀቀ ማስታጠቢያ ተቀምጧል። ከሚቃጠለው ለይታ ነው ያወጣችው። ማስታጠቢያው ውስጥ ደረቅ ኖራና ፍርፋሪ፤ ፍርፋሪው ላይ አንድ ሬት። ኮስሶ የልጅ ቡጢ አክሏል፣ እንደ ሸክላ ቀልቷል፣ ግን ቆሟል።

ጎማውን ጣልኩና ቅጠሉን ገለበጥኩ። ፊደሉ አለ። ቡናማ ሆኖ፣ ሰፍቶ።

"ይህ ምንድነው?" አልኩ።

"ሬት።"

"የማን?"

"ሬት ደግሞ የማን ይባላል?"

"እህትሽ ማንበብ አስተምራኛለች" አልኳት። "እርስዎ" ማለት እዚያ ላይ ቀረ።

ባመጣሁት ጎማ ላይ ተቀመጠች። ጢሱ ይሁን እንባ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

"አንተ በሰው ፊት 'ወረፋ ላይ ናት' ብለህ ቀልደህ ታልፋለህ። እኔ ቤቴ ገብቼ ነው የማለቅሰው። 'ምን ሠርታ ይሆን' ሲሉ! እህቴን! የዚያ ባለሱቅ አበባ ዓይኔን ሲወጋኝ አንተ ታውቃለህ?"

"ስለዚህ እግዜርን ዋሸሽው።"

"እግዜርን ማን ዋሸ! የዋሸሁት ሴቶቹን ነው።"

እውነቷን ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን አልራራሁላትም።

"ታዲያ ለምን አልጣልሽውም?"

"ልጥለው ነበር። ስነቅለው ፊደሏን አየሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይኸው ውሃ ከለከልኩት፣ ጥላ ከለከልኩት፣ አልሞት አለኝ። በገዛ እጁ ቢሞትልኝ ይገላግለኝ ነበር።"

"ሬት እንዲህ አይሞትም።"

"አሁንማ አወቅኩ።"

"ዛሬስ ለምን ጠራሽኝ?"

"ለጎማው ነዋ።"

"ለጎማው ብቻ?"

ለጎማ ይሁን፣ እንዳየው ፈልጋ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ማስታጠቢያውን ከካቡ ጀርባ መሸሸግ ትችል ነበር፤ ጓሮ ሲገቡ ወዲያው ከሚታይበት አስቀመጠችው። እጠረጥራለሁ።

ፍርዴን ነገርኳት። ነገ በራስሽ እጅ ትተክይዋለሽ። በቀን፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ሴቶቹ እያዩ።

"ሁለቱንም ጎን ለጎን እንተዋቸው" ብላ ለመነችኝ። "ያኛውን ከነቀልኩት እህቷን ከገነት መለሰቻት ይሉኛል።"

"አንድ ሰው ነው የተቀበረው" አልኳት።

በነጋታው ጠዋት ማስታጠቢያውን ይዘን እማማ ደጅ ሄድን። እማማ ሁለታችንንም አዩ፤ ምንም አልጠየቁም። ሬቱን አንስተው ሥሩን ዳበሱት።

"ይህን ቁስሉን አድርቁት አልላችሁም። ዓመት ሙሉ ደርቋል። ዛሬውኑ ትከሉት" አሉና አንድ ጆንያ የኖራ ፍርፋሪ አስወጡልን። ጆንያውን እሷ ተሸከመች። እኔ አላገዝኳትም።

ነጠብጣቡን ሬት ራሷ ነቀለችው፣ ጥቁሩን አፈር ራሷ ዛቀችው፣ ኖራውን ራሷ ሞላችው። ሬቴን ልትተክለው ስትል "ቆይ" ብዬ ወሰድኩት። ዞር ብዬ፣ እሷ በማታይበት፣ ሌላ ቅጠል ላይ ሌላ ምልክት ጫርኩ። ምን እንደሆነና የት እንደሆነ እዚህም አልጽፍም። የተገኘ ሁሉ ታምኗል ማለት አይደለም።

ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲወጡ ደረሱብን። እጇ እስከ ክንዷ ኖራ ነው።

"ያ የእኔ ነበር" አለቻቸው፣ የተነቀለውን እያሳየች። "የእህቴ ይኸኛው ነው።"

አንዷ ጎንበስ ብላ አየችው። "ይኸኛው ግን አላበበም እኮ" አለች።

የሚስቴ እህት ቀና አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ወረፋ ላይ ናት" አለቻት።

አልሳቅኩም። ሳቄን ዋጥኩት።

ነጠብጣቡ ሬት ምን በደለ? ወስጄ ሱቄ በር ላይ በአሮጌ ጎማ ተከልኩት። እያበበ ነው፣ ያለ እፍረት። ደንበኞች "ጋሼ፣ ማን ገባልዎት?" ይሉኛል። "ጎማ" እላቸዋለሁ። የሚስቴ ሬት እስከ ዛሬ አላበበም። ቅጠሉ ግን ተከፍቷል፣ አረንጓዴው ተመልሷል። እህቷ ካንድም ሁለቴ መቃብሩ ጋ አግኝታኝ ሰላምታ ሰጥታኛለች፤ መልሻለሁ። ስትሄድ ቅጠሎቹን ገልብጬ አያለሁ። ያበበ ቀን መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ፤ ዳቦው የሚቦካው ከዚያ በኋላ ነው።

ሬቴ ወደ ቦታው የተመለሰው ዓርብ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።